ሱረቱል ማዑን፦ ከመስገጃው እስከ ጎረቤት ደጃፍ

ከቁርኣን ማዕድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ ወር ዓምዳችን ሁላችንም በቃላችን የምናውቃትን አንዲት አጭር ምዕራፍ ይዘን ቀርበናል። ሱረቱል ማዑን ትባላለች። ሰባት አንቀጾች ብቻ ያሏት በመሆኗ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ብዙዎቻችን ሥራ ሲጠብቀን ወይም እንግዳ ሲመጣብን ሶላታችንን ቶሎ ለመጨረስ የምንመርጣት ምዕራፍ ናት። ነገር ግን ልብ ብለን ስንመለከታት በጥድፊያ የምንቀራት ይህች ምዕራፍ የምትናገረው ሶላቱን ልብ ስለማይለው ሰው ነው። ስለ እኛ የምትናገረውን ምዕራፍ ሳናዳምጣት አፋችን ላይ ወጥታ ታልፋለች ማለት ነው። እስቲ በዚህ ወር ቀስ ብለን እንቅራት።

ከርሷ በፊት ያለችው ጎረቤቷ

በቁርኣን አቀማመጥ ማዑን 107ኛዋ ምዕራፍ ስትሆን ከፊቷ 106ኛዋ ሱረቱ ቁረይሽ ትገኛለች። ሱረቱ ቁረይሽ የመካን ሰዎች ሁለት ጸጋ ታስታውሳቸዋለች። በክረምትና በበጋ በሚጓዙት የንግድ ቅፍለት አማካይነት አላህ ከረሃብ አውጥቶ አበላቸው፤ ከፍርሃትም አውጥቶ ሰላም ሰጣቸው። ስለዚህ የዚህን ቤት ጌታ ይገዙ ዘንድ ትጠይቃቸዋለች።

ረሃብና ፍርሃት የሚሉት ሁለት ቃላት ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ሰው ከሩቅ አገር የመጡ ወሬዎች አይደሉም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ል. የወሎ ረሃብ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች መካከል ያን ጊዜ ሀብሩንና መርሳን ያቅፍ የነበረው፣ ዋና ከተማው ወልዲያ የሆነው የየጁ አውራጃ አንዱ ነበር። በ1977 ዓ.ል. ሁለተኛው መጣ። ፍርሃቱ ደግሞ ገና ከትናንት ወዲያ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ል. ለአራት ወራት ያህል የወልዲያ ሕዝብ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ በጦርነት መካከል ኖሯል። ከቤቱ ተፈናቅሎ በእግሩ ወደ ደሴ የተጓዘውን ቤት ይቁጠረው።

እንግዲህ ሱረቱ ቁረይሽ ከረሃብና ከፍርሃት የወጣውን ሰው ጌታህን ተገዛ ትለዋለች። ሰውየውም፣ አዎን፣ እገዛለሁ፣ እሰግዳለሁ ይላል። ወዲያው የምትቀጥለው ማዑን ግን ሌላ ጥያቄ ታነሣበታለች። እሺ፣ ሰገድክ፤ የቲሙስ? ሚስኪኑስ? ጎረቤትህስ? የጠገበና የተረጋጋ ሰው አምልኮቱ የሚፈተንባት ምዕራፍ ይህች ናት።

ስለ ምዕራፏ በአጭሩ

ምዕራፏ ስሟን ያገኘችው ከመጨረሻዋ ቃል ነው። “ማዑን” ማለት ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በአንዳንድ የተፍሲር መጻሕፍት ውስጥ “አረአይተ” በሚለው መነሻ ቃሏ፣ “ሱረቱ ዲን” በሚል ስምም ትጠራለች። የወረደችበትን ስፍራ በተመለከተ አብዛኞቹ የተፍሲር ሊቃውንት መካ ነው ይላሉ። ከፊሎቹ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አንቀጾች በመካ፣ የቀሩት አራቱ በመዲና ወርደዋል ብለዋል። ለዚህ ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የቂያማን ፍርድ ስለሚክድ ሰው ሲናገር ሁለተኛው ስለሚሰግድ፣ ነገር ግን ለሰው ይምሰል ስለሚሰግድ ሰው ይናገራል። በመካ እስልምና ደካማ በነበረበት ጊዜ ለታይታ ብሎ የሚሰልም አልነበረም፤ የሚያገኘው ድብደባና ማግለል ነበርና። ለይምሰል የሚሰግዱ ሙናፊቆች የታዩት በመዲና ነው።

እኛን የሚመለከተው ዋና ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች በአንዲት አጭር ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። አንዱ የፍርዱን ቀን በአፉ የሚክድ ነው። ሌላው በአፉ አምኖ በመስጂድ ሰልፍ የሚቆም ነው። ምዕራፏ ሁለቱን በልብሳቸውና በንግግራቸው አትለያቸውም። እጃቸውን ታያለች። የመጀመሪያው እጅ የቲሙን ይገፋል፤ የሁለተኛው እጅ ለጎረቤት ትንሿን ዕቃ ይከለክላል። ይህን ያህል መቀራረባቸው ሊያስፈራን ይገባል።

የቲሙን የሚገፋው

ምዕራፏ የምትጀምረው በጥያቄ ነው። ፍርድንና ምንዳን የሚያስተባብለውን ሰው አይተኸው እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይጠየቃሉ። ሰሚው ይህን ሲሰማ ስለ እምነት ክርክር የሚመጣ ይመስለዋል። መልሱ ግን ከክርክር አይደለም። ያ ሰው የቲሙን በኃይል የሚገፈትር ነው ትላለች። “የዱዕዑ” የሚለው የዐረብኛ ቃል እንዲሁ መከልከልን ብቻ አያመለክትም፤ በጥላቻና በንቀት ገፍትሮ ማባረርን ያሳያል።

ለምን የቲሙ ተመረጠ? ምክንያቱም የቲም ተመልሶ ብድር አይከፍልም፤ ቢበደልም የሚጮህለት አባት የለውም። ለባለሥልጣን መልካም የሚሆን ሰው ዋጋውን እዚሁ ይጠብቃል። ለባለጠጋ የሚሰጥም እንዲሁ። ለየቲም መልካም የሚያደርግ ሰው ግን የሚከፍለው ሌላ ጌታ፣ የሚከፈልበትም ሌላ ቀን እንዳለ በሥራው መሰከረ ማለት ነው። በተቃራኒው የቲሙን የሚገፋ ሰው “ጠያቂ የለብኝም” ብሎ ነው። በአፉ ምንም ቢል በእጁ ቂያማን ክዷል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም እንደነበሩ መርሳት የለብንም። አባታቸው ሳይወለዱ፣ እናታቸው ደግሞ ገና በስድስት ዓመታቸው ሞተውባቸዋል። የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከርሳቸው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ሲያስረዱ አመልካች ጣታቸውንና የመሐል ጣታቸውን አቀራርበው ማሳየታቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

በአካባቢያችን የቲምን መግፋት ሁልጊዜ በበትር አይደለም። ከረሃብና ከጦርነት በኋላ በገጠሩ የሚታይ አንድ ነገር አለ። አባት ይሞታል፤ እናትም ትከተላለች ወይም ኑሮ ገፍቷት ወደ ከተማ ትሄዳለች። ልጁን አጎት ይወስደዋል። ጎረቤቱም፣ አላህ ይስጠው፣ የወንድሙን ልጅ አሳደገ ብሎ ያመሰግነዋል። ልጁ ከብት ይጠብቃል፤ የአጎቱ ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት የአባቴ መሬት የት አለ ሲል ደብተሩ በአጎት እጅ ነው፣ ሰብሉም ለዓመታት በአጎት ጎተራ ገብቷል። ስንት ዓመት ያበላሁህ ሰው አይደለሁም ወይ ይባላል። ይህ ሰው ልጁን አልደበደበውም፤ ግን ገፍቶታል። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚጨምሩ ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ በግልጽ አስጠንቅቋል። የቲም ያለበት ቤት ሁሉ ዛሬውኑ የልጁን ድርሻ በምስክር ፊት ጽፎ ቢያስቀምጥ ከብዙ ሱና ሶላት የማያንስ ሥራ ሠርቷል ብለን እናምናለን።

ማብላትን የማይቀሰቅሰው

ሦስተኛዋ አንቀጽ ረቂቅ ናት። ሰውየው ሚስኪኑን አላበላም ብላ አትከሰውም፤ ሌሎች እንዲያበሉ አይቀሰቅስም፣ አያነሳሳም ትለዋለች። የተፍሲር ሊቃውንት ከዚህ ሁለት ነገር ይረዳሉ። አንደኛው፣ ሌላውን ለማነሳሳት ያልፈለገ ሰው ራሱ እንደማይሰጥ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምንም የሌለው ሰው እንኳ ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለም፤ እጁ ባዶ ቢሆን ምላስ አለው። ሌላም አለ። አንቀጿ ምግቡን የምታያይዘው ከሚስኪኑ ጋር ነው፤ የርሱ ምግብ እንደማለት ነው። ከኛ ጎተራ ውስጥ የተቀመጠ የርሱ ድርሻ አለና ስንሰጠው ብድሩን መለስንለት እንጂ ውለታ አልዋልንለትም።

የ1966ቱን ረሃብ ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ለዚህች አንቀጽ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፋቸው የወሎን ረሃብ መርምረው ነበር። እንደርሳቸው ጥናት በዚያ ዓመት በመላ ኢትዮጵያ የነበረው እህል ከወትሮው እጅግ የቀነሰ አልነበረም። በደሴ ገበያ ዋጋው እንደተጠበቀው አልናረም። ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህልም ነበር። ድርቁ ሰብሉን ያጠፋበት ገበሬ መግዣ ስላጣ ነው የተራበው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በመርሳና በወልዲያ በኩል ወደ አስመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና መኪና እያሳለፈ የተራበው ሕዝብ ከዳሩ ተኮልኩሎ ነበር።

ይህን ስናነብ ጣታችንን በመንግሥት ላይ ብቻ መቀሰር ይቀናናል። የዘመኑ መንግሥት ነገሩን መደበቁና መዘግየቱ የታወቀ ነው፤ ለመውደቁም አንዱ ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን ማዑን የምትጠይቀው መንግሥትን ብቻ አይደለም። ጎተራው የሞላ ሰው፣ ነጋዴው፣ የመስጂዱ ኢማም፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ሁሉም ይጠየቃል፤ ማንን ቀሰቀስክ? ስለ ማን ተናገርክ?

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ል. ከወሎ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሠፈራ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተወሰደ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ በ2014 ዓ.ል. ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ወደ ሀብሩ መጥተው በጃራ መጠለያ ተጠልለዋል። ከነርሱ ውስጥ በዚያ ሠፈራ የሄዱ የወሎ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙበታል። ያኔ በረሃብ የሸኘናቸው በስደት ተመለሱ ማለት ነው። የመጡትም የሀብሩ ሰው ራሱ ከጦርነት ገና አፍታ ሳያገግም፣ ቤቱ ተዘርፎ፣ ከብቱ ታርዶበት ሳለ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ካለችው አንድ እንጀራ ግማሿን ለተፈናቃይ የቆረሰ ሰው የዚህችን ሱራ ተፍሲር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመሶብ ቀርቶታል።

ወዮለት የተባለው ሰጋጅ

አራተኛዋ አንቀጽ ላይ ስንደርስ እንደነግጣለን። ወዮታው ወይም ጥፋቱ ለሰጋጆች ነው። ዑለማዎቻችን ልጆችን ሲያስቀሩ በዚህች አንቀጽ ላይ አቁማችሁ እንዳትተዉት እያሉ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ትርጉሙ ተገልብጦ ሶላት የተወገዘ እንዳይመስል ነው። የሚቀጥለው ይገልጸዋል፤ ወዮታው ከሶላታቸው የሚዘናጉ ለሆኑት ነው።

እዚህ ላይ ቀደምት ሊቃውንት አንድ ትልቅ እፎይታ የሚሰጥ ነገር አስተውለዋል። አንቀጿ የምትለው “ከሶላታቸው” እንጂ “በሶላታቸው ውስጥ” አይደለም። በሶላት ውስጥ ልቡ የማይባዝን፣ ሦስት ሰገድኩ ወይስ አራት ብሎ የማይጠራጠር ሰው የለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በሶላት ውስጥ ረስተው በሱጁድ ሰህው አሟልተዋል። “ውስጥ” ቢባል ኖሮ ማን ይድን ነበር? ስለዚህ በሶላቷ መሐል ምጣዱ ላይ የተጣደው እንጀራ ትዝ ያላት እናት፣ በሬው የጠፋበት ገበሬ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ ተስፋ አይቁረጡ። ይታገሉ፤ አላህ ያግዛቸዋል።

“ከሶላታቸው የሚዘናጉ” የተባሉት ግን ሌሎች ናቸው። አንዳንዱ ወቅቱን እያሳለፈ ዙህርን ከዐስር ጋር ያደባልቃል። አንዳንዱ ሰው ሲያየው ይሰግዳል፣ ብቻውን ሲሆን ይተዋል። ሌላው ደግሞ አምስቱንም በወቅቱ ይሰግድ ይሆናል፤ ሶላቱ ግን ከመስገጃው ተነሥታ ወደ ገበያ አትሄድም። ማክሰኞ በጀማዓ ሰግዶ በዚያው ዕለት ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ከሶላቱ ተዘናግቷል። ሶላት ከመጥፎ ነገር ትከለክላለች ተብሎ የለም ወይ? የርሱን ሶላት ምን አሳነፋት?

ይዩልኝ ባይነት

ስድስተኛዋ አንቀጽ የበሽታውን ሥር ትጠቁማለች። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የሚሠሩት ለሰው ዓይን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሪያእን ትንሹ ሽርክ ብለው እንደጠሩትና ስለ ኡመታቸው ከሚፈሩት ነገር ሁሉ የበለጠ እንደፈሩት በሐዲስ ተዘግቧል። ዓሊሙ፣ ሰማዕቱና ቸሩ ሰው ሥራቸውን ለስም ብለው ከሠሩት በቂያማ ቀን መጀመሪያ የሚጠየቁት እነርሱ መሆናቸውንም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል።

በአያቶቻችን ዘመን ሪያእ በመስጂድና በሰደቃ ግብዣ ላይ ብቻ ይገኝ ነበር። በዘመናችን ከኪሳችን ውስጥ ገብቷል። ለተፈናቃይ አንድ ካርቶን ብስኩት ሲሰጥ አምስት ስልክ ይቀረጻል። ተቀባዩ ፊቱን የት ያስገባ? ትናንት የራሱ ቤት፣ የራሱ በሬ የነበረው ሰው ነው። እርዳታው ለኦዲትና ለአመኔታ ሲባል መመዝገቡ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አንቃወምም። ነገር ግን የተቸገረውን ሰው ፊት ለራሳችን ስም ማስጌጫ ማድረግ ምጽዋቱን ገፍትሮ ከመስጠት አይለይም።

አንድ ማስታወሻ እንጨምር። ሪያእን ፈርቶ መልካም ሥራን መተውም የሸይጧን መንገድ ነው። ሰው ያየኛል ብሎ ከጀማዓ የሚቀር፣ ይዩልኝ እንዳይባል ብሎ እጁን የሚሰበስብ ሰው አለ። መድኃኒቱ ሥራውን መተው ሳይሆን ኒያን ማስተካከል ነው። በአደባባይ አንድ ከሰጠን በስውር ሁለት እንስጥ።

ማዑን ምንድን ነው?

አሁን ስሟን ወደ ሰጣት ቃል ደረስን። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ማዑን ብለን የምንቆጥረው ባልዲና ድስትን የመሰለ ዕቃ ማዋስን ነበር የሚል ቃል ከኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ተላልፏል። ከዐሊይና ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ማዑን ዘካ ነው የሚል ትርጉም ተወርቷል። የኢብኑ ዐባስ ተማሪ የነበሩት ዒክሪማ ሁለቱን አስታርቀውታል። በርሳቸው አባባል የማዑን ራስ የገንዘብ ዘካ ሲሆን ዝቅተኛው ወንፊት፣ ባልዲና መርፌ ነው።

ወንፊት፣ ባልዲና መርፌ! የሰማይና የምድር ጌታ በዘላለም መጽሐፉ ውስጥ የወዮታ ቃል ያወረደው፣ ከሌሎቹ ጥፋቶች ጋር፣ ጎረቤት ወንፊት ስትጠይቅ የለም ስለምትል ሴት፣ ምሳሩን ስለሚደብቅ ወንድም ነው። ትንሽ ነገር የመሰለንን አላህ ትንሽ አላለውም። ሲሰጥ የማያጎድል፣ ሲከለከል ግን የሰውን ልብ የሚሰብር ነገር ነውና።

በሀብሩ መንደር ማዑን ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። እርሾ ነው፣ የጨው ቁንጣሪ ነው፣ ፍም ነው፣ ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ ሰፌድና ጀበና ነው። ለገበሬው ማጭድ፣ ሞፈርና ቀንበር ነው። በመርሳ አትክልት ለሚያለማው ሰው ተራ ያልደረሰውን ጎረቤት ችግኝ እንዳይደርቅበት የአንድ ሰዓት ውሃ መልቀቅ ነው። በወልዲያ ከተማ መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ይቆማል፤ ያን ጊዜ የድንጋይ ወፍጮ ያላት እናት በሯን ክፍት ካደረገች ማዑንን ሰጠች።

ወሎ ይህን ምዕራፍ ሥርዓት አድርጎ የያዘበት አንድ ነገርም አለ፤ እርሱም ቅሬ ነው። የቅሬ ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ ሰሐንና አግዳሚ የማንም የግል ዕቃ አይደለም። ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ይወስደዋል። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ይህም ከዲናችን የወጣ አይደለም፤ የማዑን አንቀጽ ጎረቤትን በሃይማኖት አልለየችም። በመርሳ አቅራቢያ የሚገኘውና በዳንዩል አወል ስም ከሚታወቁት ታላቅ ዓሊም ጋር የተሳሰረው የዳና የዒልም ማዕከልም ቢሆን ሲታሰብ ያስተምራል። በወሎ ደረሳው ኪታቡን አንግቶ ከየአገሩ ሲመጣ የሚያድርበትን ጎጆና የሚቀምሰውን ቁራሽ ያገኘው ከአካባቢው ገበሬ ነው። ዒልማችን የቆመው በዓሊሞች አንደበት ብቻ ሳይሆን ስማቸው በማይታወቅ እናቶች ሌማት ላይ ጭምር ነው።

ልጅ ከደጃፍ ላይ የሚማረው

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም፤ በራሳችን ቤት ያየነው ነው። የጎረቤት ልጅ ከደጅ ቆማ፣ “እትዬ፣ እናቴ ወንፊት አውሱኝ ብላለች” ትላለች። ከውስጥ እናት ለልጇ ቀስ ብላ፣ “የለም፣ ሰው ወስዶታል በላት” ትላለች። ወንፊቱ ግን ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ወንፊቱን ያየዋል፤ እናቱን ያያል፤ ወጥቶም የለም ይላል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ተማረ፤ መዋሸትን፣ መንፈግን፣ ጎረቤትን መናቅን። ከዚያ ማታ ሱረቱል ማዑንን በቃሉ እንዲያነበንብ እናስጠናዋለን። አንዱን በአፉ፣ ሌላውን በዓይኑ ያጠና ልጅ ሲያድግ በየትኛው ይኖራል?

የእናቲቱ ምክንያትም ባዶ አይደለም። ባለፈው የሰጠችው ዕቃ ተሰብሮ ወይም ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ይህች ምዕራፍ ለሰጪ ብቻ ሳይሆን ለተዋሽም አደራ ታሸክማለች። የተዋሱትን በጊዜው፣ አጥቦና አስተካክሎ መመለስ የማዑን በር እንዳይዘጋ ይጠብቃል። ዕቃ የሚሰብርና የማይመልስ ሰው የቀጣዩን ለማኝ እንጀራ ነጠቀ። ሰጪውም ቢሆን መስጠት የማይችልበት ምክንያት ካለው በግልጽና በለዘበ ቃል ይናገር እንጂ ልጁን ውሸት አያስተምር።

ከምዕራፏ ወደ ቤታችን

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ አጭር ምዕራፍ ወደ ቤታችን ይዘን የምንገባውን እንሰብስብ።

አንደኛ፣ በዘመዳችን ወይም በሰፈራችን ውስጥ ያለን አንድ የቲም በስሙ እንወቀው። ንብረቱ ተጽፎ ይቀመጥለት፤ ትምህርቱን የሚጠይቅለት ሰው ይኑር።

ሁለተኛ፣ የምንሰጠው ባይኖረን እንናገር። በመስጂድ፣ በቅሬ፣ በቡና ላይ የተቸገረውን ቤት ጉዳይ የምናነሣው እኛ እንሁን። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ የሰው ስም ስናነሣ እንቆያለን፤ በሐሜት ከምናነሣው በችግሩ እናንሣው።

ሦስተኛ፣ ሶላታችንን በወቅቷ እንስገድ። ሰላምታ ከመለስን በኋላ ደግሞ ለአንድ አፍታ ቆም ብለን፣ ዛሬ ይህች ሶላት ወዴት ትልከኛለች ብለን እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ወጥ ስንሠራ መረቁን በዛ አድርገን ጎረቤትን እንድናስብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) የሰጡትን ምክር እንተግብር። ሀብታም መሆን አይጠበቅብንም፤ ውሃ መጨመር ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ልጆቻችን ዕቃ እንዲያቀብሉ፣ የተዋሱትንም እንዲመልሱ እንላካቸው። ሲመለሱ እናመስግናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ በመስጂድ ሰልፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ስንቆም ከኋላችን ማን እንዳለ አናይም። ምናልባት ያ አጎትና ያ የወንድም ልጅ፣ ያች ወንፊት የከለከለችና ያች የተከለከለች፣ በአንድ ኢማም ኋላ ቆመው ይሆናል። ኢማሙም በሁለተኛው ረከዓ ይህችኑ ምዕራፍ ያነብ ይሆናል። ከሶላት በኋላ አንዱ ወደ ሌላው ዞር ብሎ፣ ያንተን ነገር ዛሬ እንጨርሰው ቢለው፣ ሶላቱ ያን ጊዜ ከመስገጃው ተነሥታ ሄደች ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የቲምን ከሚያቀርቡት፣ ማብላትን ከሚቀሰቅሱት፣ ሶላታቸውን ከሚጠብቁትና ማዑንን ከማይነፍጉት ያድርገን። የወልዲያን፣ የመርሳን፣ የሀብሩን፣ የመላ አገራችንንም ሕዝብ ከረሃብና ከፍርሃት ይጠብቅልን። አሚን።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ አጭር ምዕራፍ እስክንገናኝ ድረስ አስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ወላሁ አዕለም።